በጥራት የተቀረጸ ቪዲዮ ለምን ይበላሻል? ከካሜራው እስከ ተመልካቹ ያለው መንገድ

በጥር ወር በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ሠርግ ይበዛል፤ ቪዲዮ ቀራጮችም ከአንዱ ዳስ ወደ ሌላው ሲሯሯጡ ይሰነብታሉ። በገጠር ቀበሌዎች ደግሞ የአንዱን አርሶ አደር አሠራር በቪዲዮ ቀርጾ ለጎረቤቱ ማሳየት ከግብርና ኤክስቴንሽን መንገዶች አንዱ ከሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ሁለቱ ሥራዎች የተራራቁ ቢመስሉም አንድ የጋራ ችግር አለባቸው። በጥሩ ካሜራ የተቀረጸው ምስል ተመልካቹ ዘንድ ሲደርስ የደበዘዘ፣ የሚቆራረጥ ወይም ጭራሹን የማይከፈት ይሆናል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከካሜራው ሳይሆን በቅንብርና በሬንደር ወቅት የሚመጣ ነው።

ቪዲዮ ወደ ቀበሌ እንዴት ደረሰ?

እ.አ.አ በ2006 በሕንድ እንደ ምርምር የተጀመረው ዲጂታል ግሪን፣ የአካባቢው አርሶ አደር ራሱ በራሱ ቋንቋ የሚያስተምርበትን አጭር ቪዲዮ ማዘጋጀትን ዋና ሥራው አደረገ። ይኸው አሠራር በኢትዮጵያም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር አማራን ጨምሮ በተለያዩ ክልሎች ተግባራዊ ሆኗል። ቪዲዮው በባትሪ በሚሠራ አነስተኛ ፕሮጀክተር ለአርሶ አደሮች ቡድን ይታያል። ባለሙያው በየመሐሉ እያቆመ ይጠይቃል፤ ያወያያል። የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ቀበሌም ይሠራል። ሁሉም የሚያምረው ግን ፋይሉ በፕሮጀክተሩ ሲከፈትና ምስሉ ሲጠራ ነው።

ካሜራው የሚሰጠው ምንድን ነው?

ሙሉ ኤችዲ የሚባለው ምስል በአግድም 1920፣ በቁም 1080 ነጥቦች አሉት፤ በጠቅላላው ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ማለት ነው። በሰከንድ 25 ነጠላ ምስሎች ሲቀረጹ፣ ያልተጨመቀው መረጃ በየሰከንዱ 155 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል። ይህን ተራ ሜሞሪ ካርድ ሊሸከመው አይችልም። ስለዚህ ካሜራው ምስሉን እዚያው ይጨምቀዋል።

ሶኒና ፓናሶኒክ እ.አ.አ በ2006 ያስተዋወቁት ኤቪሲኤችዲ የተባለው አቀራረጽ በቤተሰብ ካሜራዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ከፍ ባለ ጥራት ሲቀረጽ በሰከንድ 24 ሜጋ ቢት፣ ማለትም 3 ሜጋ ባይት ይጠቀማል። የአንድ ሰዓት ቀረጻ 10.8 ጊጋ ባይት ገደማ ይይዛል። ከሃምሳ እጅ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ጭመቃው የሚሠራው እንዲህ ነው። ካሜራው ሙሉውን ምስል የሚመዘግበው አልፎ አልፎ ሲሆን፣ በመካከል ያሉትን የሚመዘግበው የተለወጠውን ብቻ እየለየ ነው። በሬው ሲራመድ የበሬው እንቅስቃሴ ይመዘገባል፤ ከኋላው ያለው ተራራ ግን አይደገምም። ላፕቶፕ በቅንብር ጊዜ የሚንቀራፈፈውም ለዚህ ነው። አንዱን ነጠላ ምስል ለማሳየት ከፊቱና ከኋላው ያሉትን አስልቶ መገንባት አለበት።

መፍትሔው አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ብቻ አይደለም። በነጻ የሚገኙት ካደንላይቭና ዳቪንቺ ሪዞልቭን የመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ለቅንብር የሚያገለግል ቀለል ያለ ቅጂ ያዘጋጃሉ። ባለሙያው በቀላሉ ቅጂ ላይ ይቆርጣል፤ ይቀጥላል። በመጨረሻ ሬንደር ሲደረግ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ጥራት ይመለሳል።

መቁረጥ ኃላፊነት ነው

በሠርግ ቪዲዮ ላይ የተሳሳተ ቅንብር ቅሬታ ያስከትላል። በግብርና ቪዲዮ ላይ ግን የአንድ ዓመት ምርት ሊያሳጣ ይችላል። የጎጃም ደጋማ አካባቢዎች አንዱ ችግር የሆነውን የአፈር አሲዳማነት እንውሰድ። ኖራ ለማሳው የሚሰጠው ከዘር ቀደም ብሎ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ወር ያህል በፊት ነው። በማሳው ላይ እኩል ተበትኖ ከአፈር ጋር መቀላቀልም ይኖርበታል። መጠኑ የሚወሰነው በአፈር ምርመራ እንጂ በግምት አይደለም።

አቀናባሪው ቪዲዮው ረዘመ ብሎ «ከዘር በፊት» የሚለውን ንግግር ቢቆርጥ፣ ኖራ ሲበተን የሚታየው ምስል ዘር ሲዘራ ከሚታየው ጋር ይገጥማል። ተመልካቹም ሁለቱ በአንድ ቀን የሚሠሩ ይመስለዋል። በአንድ ማሳ ላይ የተጠቀሰው መጠን ያለ ማብራሪያ ከቀረ ደግሞ ለሁሉም ማሳ የሚሆን ይመስላል። ስለዚህ ቅንብሩ ካለቀ በኋላ ሬንደር ከመደረጉ በፊት የግብርና ባለሙያውና የተቀረጸው አርሶ አደር አብረው ሊያዩት ይገባል።

ሬንደር ማለት ምን ማለት ነው?

በቅንብር ጊዜ ሶፍትዌሩ ዋናውን ምስል አይነካውም፤ የት ይቆረጥ፣ የት ጽሑፍ ይግባ የሚለውን ትእዛዝ ብቻ ይመዘግባል። ሬንደር ሲደረግ ትእዛዙ ሁሉ በእያንዳንዱ ነጠላ ምስል ላይ ተፈጽሞ፣ ውጤቱ እንደገና ተጨምቆ ራሱን የቻለ ፋይል ይሆናል።

የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 15,000 ነጠላ ምስሎች አሉት። ላፕቶፑ በሰከንድ 5 ምስል ቢሠራ 50 ደቂቃ ይፈጃል። የሁለት ሰዓት ሠርግ ደግሞ በዚሁ ፍጥነት 10 ሰዓት ይወስዳል። በመካከል መብራት ቢጠፋ፣ በግማሽ የቀረው ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ የፋይሉ ማውጫ በተለምዶ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነውና። ስለዚህ ረጅም ሥራን በ20 እና በ30 ደቂቃ ከፋፍሎ ሬንደር ማድረግ ይመከራል። መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው አንዱ ክፍል ብቻ ይሆናል።

ሌሎች ሦስት ነገሮችም ልብ ሊባሉ ይገባል።

• የማበጠሪያ ጥርስ የሚመስል መስመር፦ አንዳንድ ካሜራዎች የምስሉን መስመሮች አንድ እየዘለሉ በሁለት ዙር ይቀርጻሉ። እስክስታ የሚወርድ ትከሻ ወይም የሚንቀሳቀስ ሞፈር በስልክ ሲታይ ጠርዙ የሚሰነጣጠቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሬንደር ሲደረግ ሁለቱን ዙር የሚያዋህደውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል።

• የፍጥነት ልዩነት፦ የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ ስለሆነ ካሜራውን በሰከንድ 25 ወይም 50 ላይ ማድረግ የአምፖል ብልጭታን ይቀንሳል። በ30 የተቀረጸ የስልክ ምስል ሲቀላቀልበት እንቅስቃሴው ሊደናቀፍ ይችላል።

• የግእዝ ፊደል፦ ኒያላ ወይም አቢሲኒካን በመሰለ የዩኒኮድ ፊደል ያልተጻፈ ርእስ ባዶ ሣጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ከሬንደር በፊት ስምና ርእስን ደጋግሞ ማንበብ ይበጃል።

ለማን ነው የሚወጣው?

የመጨረሻው ፋይል ጥራት የሚወሰነው በሚታይበት መሣሪያ ነው። ለአነስተኛ ፕሮጀክተርና ለስልክ 1280 በ720 ነጥብ፣ በሰከንድ 4 ሜጋ ቢት በቂ ነው። የ10 ደቂቃው ቪዲዮ 300 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል። በካሜራው ጥራት ቢወጣ ግን 1.8 ጊጋ ባይት ይይዛል፤ ይህን በሞባይል ዳታ ለመላክም ለመቀበልም ወጪው ከባድ ነው።

ሠርግ ደጋሾችም ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ዲቪዲ የሚይዘው 720 በ576 ነጥብ ብቻ ነው፤ የሙሉ ኤችዲ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። በኤችዲ ተቀርጾ በዲቪዲ ብቻ የተረከቡት ሠርግ፣ ከአምስት ነጥብ አራቱ ቀርቶበታል። ሙሉ ኤችዲውን በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አደረጃጀት ከተዘጋጀ ባዶ ቦታ ቢኖረውም ከ4 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያን ጊዜ ፋይሉን መከፋፈል ወይም ቴሌቪዥኑ የሚያነበው ከሆነ የፍላሹን አደረጃጀት መቀየር ይቻላል። አደረጃጀቱ ሲቀየር በውስጡ ያለው ስለሚጠፋ አስቀድሞ መገልበጥ ግድ ነው።

ዋናው ቅጂ አይጥፋ

ቪዲዮ በተጨመቀ ቁጥር ከጥራቱ ይቀንሳል፤ የቀነሰውን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። ስለዚህ ከካሜራው የወጣው ዋናው ቀረጻ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሳይቀመጥ ሜሞሪ ካርዱን ማጽዳት አይገባም። የቀበሌው ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ምክር ሲመጣ፣ ሙሉውን እንደገና ሳይቀርጽ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይተካል። ቤተሰብም ሙሽሮችን የመረቁ አያቶችን ድምፅና መልክ ከዓመታት በኋላ በጥራት ያገኛል። ቀራጭ ስትቀጥሩ በውሉ ላይ ዋጋውንና የርክክብ ቀኑን ብቻ ሳይሆን፣ ዋናው ቀረጻ በማን እጅ እስከ መቼ እንደሚቆይም አጽፉ።