በሻንጣ የማይላከው መነጽር

ሲያትል፣ ኦቴሎ፦ በማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ፣ ከባቡር ጣቢያው እምብዛም በማይርቀው ሠፈር፣ ሐበሻ ቡና ይዞ ሲቀመጥ ወሬው ፖለቲካ ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ወገናችን ሌላ ጥያቄ አቀረበልን። «አባቴ እጅ አንድ ቤልጅግ አለ። ከዚህ ጥሩ የአልሞ ተኳሽ መነጽር ገዝቼ፣ ለገና በምትሄደው እህቴ ሻንጣ ብልክለት ምን ችግር አለው?» ጠያቂው በየጥቅምቱ አጋዘን ለማደን ተራራውን ተሻግሮ የሚሄድ ሰው ነው እንጂ ነገር ፈላጊ አይደለም። ይህን የሚያስበው እሱ ብቻ ስላልሆነ መልሳችንን እዚህ ማስፈር መረጥን።

የእኛ ሰው ጠመንጃን በስም ይለያል። ሰናድር የምንለው እንግሊዞች ለመቅደላ ዘመቻ ይዘውት የመጡት ስናይደር ነው፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1868 እሮጌ ላይ የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት የፈጀው እሱ ነው። ውጅግራ ደግሞ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» በእኛ አፍ ነው። ቤልጅግ በቤልጅየም የተሠራው ሞዜር ነው። የእነዚህ ሁሉ ማነጣጠሪያ ከብረቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። መነጽር እንዲሸከሙ ታስበው አልተሠሩም።

ጣጣው የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በድሮ ሞዜር ላይ መነጽር ልግጠም ያለ ሰው መጀመሪያ ብረቱን በስቶ የብሎን ጥርስ ማውጣት አለበት። ጥይት የሚያጎርሰው እጀታ ቀጥ ያለ ከሆነ ሲነሳ መነጽሩን ስለሚመታ መታጠፍ ይኖርበታል። እንደ ክንፍ ወደ ላይ የሚቆመው የሞዜር ሴፍቲም መተላለፊያ ያጣል። አምስቱን ጥይት ባንዴ ከላይ ማጉረስም ቀረ፤ አንድ በአንድ ሊሆን ነው። ብረቱን ሳይበሱ፣ በኋለኛው ማነጣጠሪያ ቦታ ላይ ወደ ፊት ርቆ የሚገጠም የመነጽር ዓይነት አለ፤ ለአሮጌ መሣሪያ እሱ ይሻላል። እኛ ግን ያለመነካቱን እንመርጣለን። ያባት ጠመንጃ አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው።

እዚህ አሜሪካ ለአደን አዲስ ጠመንጃ የሚገዙ ወገኖቻችን የሚሳሳቱት በሌላ በኩል ነው። ገንዘባቸውን መነጽሩ ላይ ያፈሱና መያዣ ቀለበቱን ርካሽ ይገዛሉ። ሒሳቡን እንይ። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 4 ኢንች ቢኖርና አንደኛው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ቢንሸራተት፣ ጥይቱ በ100 ያርድ 3 ኢንች ተኩል ያህል ይስታል። በ300 ያርድ ከ10 ኢንች ያልፋል። ይህ ማለት አጋዘኑ ቆስሎ ጫካ ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህ ብሎኑ በግምት አይጠበቅም። የማጥበቂያውን ልክ የሚያሳይ መፍቻ ይገዛል፤ የቀለበቱን ክዳን ብዙ አምራቾች ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ያዛሉ፤ የአምራቹ ወረቀት ሌላ ካለ ወረቀቱ ይከበራል። ከማጥበቅ በፊት ሰደፉን ትከሻ ላይ አድርጎ ዓይንን ከመነጽሩ ከ3 እስከ 4 ኢንች ማራቅ ነው። ቀርቦ የተኮሰ ሰው ቅንድቡን ይፈነከታል። የመስቀሉ መስመር ቀጥ ማለቱን ለማየት እንደ ግንበኛ ቱንቢ አንጠልጥሎ ማስተያየት ይበቃል። ከዚያ መጀመሪያ በ25 ያርድ፣ ቀጥሎ በ100 ያርድ እየተኮሱ ማስተካከል ነው፤ በብዙዎቹ መነጽሮች አንድ ክሊክ በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ያህል ነው። ባለ ሁለት እግር ማስደገፊያውና ማንገቻው ከዚህ በኋላ ቢመጡ ይደርሳሉ።

(በነገራችን ላይ፣ ስኖኳልሚን ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ለሚወርዱት አዳኞች «ኦቴሎ» ሲባል የእኛ ሠፈር ሳይሆን እዚያ ያለችው ትንሽ ከተማ ነች። የአደኑ ወቅትም ከጽጌ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ ጾሙን የሚጾሙ ሥጋውን ፍሪዘር ውስጥ ኅዳር 6ን ያስጠብቁታል።)

ወደ ሻንጣው እንመለስ። የጠመንጃ መነጽርን ከአሜሪካ አውጥቶ በስጦታ ለመስጠት የንግድ ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል። እያወቀ ያለ ፈቃድ የላከ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ሕግ እስከ 20 ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ከሆነ ደግሞ የወጪ ዕቃ ሕግን መጣስ ራሱን ችሎ ከአገር የሚያስባርር ምክንያት ነው። ሻንጣው ደግሞ የእህት ነው።

ቦሌ ላይስ? አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የአልሞ ተኳሽ መነጽር ሻንጣዋ ውስጥ የተገኘባት ሴት «ለአባቴ ነው» ብትል ማን ያምናታል? አባትዬውም ቤት ፍተሻ መድረሱ አይቀርም።

እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ መነጽሩን፣ ማንገቻውን፣ ማስደገፊያውን ለጓደኛ መስጠት አይከለከልም። ጠመንጃውን ማዋስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ፣ ከቅርብ ዘመድና ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል የጀርባ ምርመራ ይጠይቃል። ለጉብኝት ቪዛ የመጣ ዘመድን «ና እስቲ ተኩስ» ብሎ ወደ ተኩስ ሜዳ መውሰድም አለ፤ የአደን ፈቃድ ወይም ሌላ በሕግ የተፈቀደ ምክንያት ከሌለው መሣሪያውን በእጁ መያዙ ብቻ የፌዴራል ወንጀል ነው።