ዓይኑም ጆሮውም እጁ ነው

ዓይኑ የማያይ ሰው በጆሮው ሰምቶ ይረዳል። ጆሮው የማይሰማ ሰው በዓይኑ አይቶ ይረዳል። ማየትም መስማትም የተሳነውስ? እሱ በእጁ ዳስሶ ይረዳል።

ሄለን ኬለር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 በአሜሪካ አገር፣ በአላባማ ተወለደች። በ19 ወሯ ክፉ በሽታ ያዛት። ከሞት ብትተርፍም ዓይኗ ጠፋ፤ ጆሮዋም መስማት አቆመ። ሐሳቧን መግለጽ ሲያቅታት ትጮህ፣ ትራገጥ ነበር።

በ1887 አን ሱሊቫን የምትባል አስተማሪ መጣችላት። አንድ ቀን የሄለንን አንድ እጅ ከሚወርድ ውሃ ሥር ያዘች። በሌላው መዳፏ ላይ «ውሃ» የሚለውን ቃል ፊደል በፊደል በጣቶቿ ምልክት ሰጠቻት። ሄለን ገባት! ለካስ ነገር ሁሉ ስም አለው! በ1904 ከኮሌጅ ተመረቀች። መጻሕፍትም ጻፈች። እኛ ፊደልን በዓይናችን ቆጠርን፤ እሷ በመዳፏ ቆጠረች።

በእኛም መንደር እንዲህ ያለ ሰው ቢኖር እርግማን ነው ብለን ጓዳ አንደብቀው። ስንቀርበው ትከሻውን ቀስ ብለን እንንካ። በድንገት አንጎትተው። ምግብ ሲደርስ ሳህኑን፣ መታጠቢያ ሲደርስ ጣሳውን እናስዳስሰው። ዕቃውን ከቦታው አናንሳበት። ከቤት እስከ ሽንት ቤት ገመድ ብንዘረጋለት፣ ያንን ይዞ ብቻውን ይሄዳል።

ኩፍኝና ማጅራት ገትር ዓይንንም ጆሮንም ሊያጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ልጆቻችንን በወቅቱ እናስከትብ። የታመመውንም ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ።