የአበበ ቢቂላ የሩጫ ዘመን መጀመሪያ

በውጫሌ የምንኖር ሰዎች የሮምን ስም አስቀድመን የሰማነው በውል ምክንያት ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በአምባሰል ምድር የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ አማርኛውና ጣልያንኛው ሳይስማሙ ቀርተው እስከ ዐድዋ ጦርነት እንዳደረሰ ከልጅ እስከ ሽማግሌ ያውቀዋል። ከ71 ዓመት በኋላ በዚያችው በሮም ኢትዮጵያዊ ወታደር በሩጫ ዓለምን መቅደሙንም ሁሉ ያውቀዋል። ሯጩ ግን እስከዚያች ማታ ድረስ እንዴት እንደ ኖረ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎች ጫማ የሌለው ባላገር ድንገት ተነሥቶ ያሸነፈ ይመስላቸዋል።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ጠላት አገራችንን ስለ ወረረ ቤተ ሰቡ ወደ ጎሮ ተሰደደ። በልጅነቱ የገና ጨዋታ ይወድ ነበር። ጨዋታው ጥንግን በዱላ እየመቱ ከሜዳ ሜዳ መሮጥ ስለ ሆነ፥ እግሩን አስቀድሞ ያሠለጠነለት ይህ ይመስለኛል።

በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ። ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል በየቀኑ ይሮጥ ነበርና፥ የክብር ዘበኛ አሠልጣኝ የነበረው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ተመልክቶት ለማራቶን ያዘጋጀው ጀመር። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 በጦር ሠራዊት ውድድር ዋሚ ቢራቱ ቀድሞት ሁለተኛ ወጣ።

በመጋቢት ወር 1952 ዓ.ም. እናቱ የመረጡለትን ወይዘሮ የውብዳር ወልደ ጊዮርጊስን አገባ። በዚያ ዘመን የኦሊምፒክ ሯጭ በእግሩ ገንዘብ እንዳይቀበል ደንቡ ይከለክል ስለ ነበረ፥ በአሜሪካ በጎልፍ ጨዋታ እንደሚተዳደሩት ሰዎች ሩጫው እንጀራው አልነበረም። አዲሱ ጎጆ የሚቀለበው በወታደር ደመወዝ ነበር። ልጁ ሜዳ ለሜዳ ሲሮጥ የሚቈጣ አባት ቢኖር አልፈርድበትም።

በዚያው ዓመት ክረምት አበበ በአዲስ አበባ በወር ልዩነት ሁለት ማራቶን ሮጦ ሁለቱንም አሸነፈ። በሁለተኛው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ጨረሰ፤ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ያስመዘገበው የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 2 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነበር። ያውም አየሩ በሳሳበት ደጋ! እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ስለ ሆንሁ፥ ድንገት ተነሣ ከሚለው ወሬ ይልቅ ይህን ቍጥር አምናለሁ።

ዋሚ በሮም ሳይሮጥ ቀረ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ የእንቍጣጣሽ ዋዜማ፥ አበበ ከሰልፉ ገባ። እዚያው በሮም የገዛው ጫማ እግሩን ስላቈሰለው፥ በባዶ እግሩ ለመሮጥ ወሰነ። ከአክሱም ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልት በቆመበት አጠገብ አለፈ፤ ከጨለመም በኋላ ወታደሮች ችቦ ይዘው በሚያበሩለት መንገድ የሞሮኮውን ራዲን በ25 ሰከንድ ቀድሞ፥ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ደረሰ። ጓደኛው አበበ ዋቅጅራ ሰባተኛ ሆነ።

ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ ማዕርጉም ከፍ አለ። መኪናና ቤት ተሰጠው፤ ነገር ግን ሁለቱም የክብር ዘበኛ ንብረት ነበሩ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፥ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዦች በመንግሥት ላይ ተነሡ። አበበ በነገሩ ባይኖርበትም ተይዞ ተመረመረ፤ በቶሎም ተለቀቀ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ ግሪክ ተጕዞ፥ ከማራቶን መንደር እስከ አቴና ያለውን መንገድ እንደ ገና በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ።