መንጃ ፈቃድ ሲታገድ፦ እንጀራውስ? መድኑስ?

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገናና በሾኔ ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይም አይሱዙ እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወገኖች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ የአንዱ መንጃ ፈቃድ ሲታገድ በቤቱ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ "ልጆቹ ምን ይበላሉ?" የሚል ነው። ቀጥሎም "ለሥራ ብቻ የሚሆን ፈቃድ አይሰጠኝም ወይ?" የሚለው ይመጣል። አሜሪካ ያለ ዘመድ በስልክ "እዚህ እኮ ይሰጣል" ሲል ደግሞ ተስፋው ይበረታል። እስቲ ነገሩን በየተራ እንመልከት።

1. አሜሪካ ያለው ፈቃድ ምን ዓይነት ነው?

ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበትን የቨርጂኒያን ግዛት እንውሰድ። እዚያ ጠጥቶ በመንዳት ተፈርዶበት ፈቃዱ የታገደ ሰው ፍርድ ቤቱ ከፈቀደለት የተወሰነ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል። ፈቃዱ ወዴትና ለምን እንደሚነዳ ይወስናል። ወደ ሥራ፣ ወደ ሕክምና፣ ወደ ትምህርት፣ በሳምንት አንድ ቀንም ወደ አምልኮ ስፍራ መሄድ ከሚፈቀዱት ውስጥ ናቸው።

ነገር ግን ዋጋው ቀላል አይደለም። በመኪናው ላይ ትንፋሽ የሚመረምር መሣሪያ ይገጠማል፤ አሽከርካሪው አልኮል ከቀመሰ ሞተሩ አይነሣም። መድኑም ለሦስት ዓመት ያህል ከተራው ዝቅተኛ ሽፋን እጥፍ መሆን አለበት፤ ይህንንም የመድን ድርጅቱ ለመንግሥት ያረጋግጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ፈቃድ ለትልልቅ የንግድ መኪናዎች አይሠራም። በከባድ መኪና የሚተዳደር ወገን ከታገደ እዚያም ቢሆን መሪውን ይለቅቃል።

2. በአገራችንስ?

በአገራችን እንዲህ ያለ ከፊል ፈቃድ የለም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን በተመለከተ በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1074 ወጥቶአል። የትራፊክ ጥፋቶችና ቅጣቶች በ2003 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 208 ተዘርዝረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ተሻሽለዋል። በዚህ አሠራር ጥፋት በነጥብ ይመዘገባል፤ ነጥቡ ሲከማች ፈቃድ ይታገዳል፣ እስከ መሰረዝም ሊደርስ ይችላል። የታገደ ሰው ለሥራም ሆነ ለግል ጉዳይ፣ ለከተማም ሆነ ለገጠር መንገድ መንዳት አይችልም። "ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ብቻ ነው" የሚል ምክንያት በሕግ ፊት አያቆምም።

3. መድኑ ማንን ይጠብቃል?

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "መኪናው መድን አለው፣ ስቲከሩም ተለጥፎአል፤ ምን ይመጣል?" እንላለን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን በመጀመሪያ የሚጠብቀው ተጎጂውን ነው፤ ማለትም እግረኛውን፣ ተሳፋሪውን፣ ንብረቱ የወደመበትን ሰው ነው። መሪውን የያዘው አሽከርካሪ ራሱ ቢጎዳ በዚህ መድን አይካስም።

የመድን ውሎች አሽከርካሪው የጸና ፈቃድ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። የታገደ ሰው ሲነዳ አደጋ ቢደርስ ተጎጂው ካሳውን እንዳያጣ ሕጉ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ድርጅቱ ለተጎጂው የከፈለውን ተመልሶ ከመድን ገቢው ሊጠይቅ ይችላል። ሙሉ ሽፋን የተገባለት መኪናም ቢሆን ለራሱ ጥገና የሚጠበቀው ክፍያ በዚሁ ምክንያት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ስቲከሩ መስታወቱ ላይ ቢኖርም ዕዳው በቤተሰቡ ላይ ይወድቃል።

የመድኑ ካሳም ወሰን አለው። አዋጁ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተወሰነው ካሳ ከ5,000 ብር የማያንስ ከ40,000 ብር የማይበልጥ ነበር። ዛሬ የሚሠራበትን መጠን ከመድን ድርጅታችሁ ጠይቁ። ከወሰኑ በላይ ያለውን ጉዳት ተጎጂው በፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል።

4. መኪናውን የሚሰጠውስ?

"እኔ ባለንብረት ብቻ ነኝ፣ የነዳው እርሱ ነው" ማለት አያድንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 እንደሚደነግገው፣ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት እንኳ ቢሆን። ስለዚህ "ወንድሜ ነው፣ ይራባል" ብሎ ለታገደ ሰው ቁልፍ የሚሰጥ ሰው የራሱንም ቤት በመያዣነት አስቀምጦአል ማለት ነው።

በወንጀሉም በኩል እንዲሁ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። አጥፊው ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ እንደሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ሽማግሌዎች በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ገብተው ቢያስታርቁ እጅግ መልካም ነው፤ ልብን ይፈውሳል። ነገር ግን እርቁ ብቻውን የዓቃቤ ሕጉን ክስም ሆነ የመድን ድርጅቱን ጥያቄ አይዘጋም።

5. እንግዲህ ምን ይደረግ?

ሀ. እገዳው ከየትኛው ጥፋት እንደ መጣ፣ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ በጽሑፍ ጠይቁ። ስሕተት አለ ብላችሁ ካሰባችሁ ቀኑ ሳያልፍ አቤቱታችሁን በጽሑፍ አስገቡ፤ ግልባጩንም ያዙ።

ለ. ተሽከርካሪው የራሳችሁ ከሆነ ለዓይነቱ የሚሆን የጸና ፈቃድ ያለው ሰው ቅጠሩ፤ ወይም በጽሑፍ ውል አከራዩ። የአሽከርካሪውን ለውጥ ለመድን ድርጅቱ አሳውቁ። የሦስተኛ ወገን መድኑም ጊዜው እንዳያልፍ ተጠንቀቁ።

ሐ. ተቀጣሪ ከሆናችሁ ለአሠሪያችሁ ሳትደብቁ ንገሩ። በረዳትነት፣ በጫኝነት ወይም በጋራዥ መሥራት ለጊዜው ገቢን ቢቀንስም ዕዳን አያመጣም።

መ. "በሌላ ከተማ አወጣልሃለሁ" የሚለውን ደላላ አትስሙ። ሐሰተኛ ፈቃድ ሌላ ወንጀል ነው።

ሠ. እገዳው ሲያበቃ ዝም ብላችሁ አትንዱ። ሥልጠና ወይም ፈተና ሊጠየቅ ስለሚችል ፈቃዱን ከሰጠው ጽሕፈት ቤት አጣርታችሁ ተቀበሉ።

6. የአጥቢያው ድርሻ

አንድ አሽከርካሪ አደጋ ሲያደርስ ለካሳ ገንዘብ ማዋጣት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን መዋጮ በደስታ እናደርጋለን። ነገር ግን ያ መዋጮ ሲሰበሰብ የአንድ እናት ልጅ ተቀብሮአል። ፈቃዱ በታገደ ሳምንት አንድ ኩንታል በቆሎና የልጆች ደብተር ብናቀርብ ወጪው እጅግ ያንሳል፣ ሰውም አይሞትም። የአጥቢያው ዲያቆናት ይህን በእርዳታ ዕቅዳቸው ቢያስገቡት መልካም ነው።

ለታገደውም ወገን የምንለው ይህ ነው። እገዳው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ማብቂያ ቀን አለው። በእገዳ ላይ ሆኖ ሲነዱ የሚጠፋ ነፍስ ግን መመለሻ የለውም፤ ዕዳውም ለልጆች ይተርፋል። ስለዚህ እገዳው እስኪያበቃ ድረስ ቁልፉን አሳርፉት።