የቦሌው የኮኬይን ዜና ምን ይነግረናል?

ይህን ዓይነት ዜና ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ያህል ኪሎ ኮኬይን ከነተጠርጣሪው ተያዘ። ቀጥሎ የተጠርጣሪው ዜግነት፣ ከዚያ ዕፁ የተደበቀበት ቦታ ይነገራል፦ የሻንጣ ግድግዳ፣ የጫማ ሶል፣ አንዳንዴም የሰው ሆድ። ፎቶው ላይ በፕላስተር የተጠቀለሉ እሽጎች ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ዜናው እዚያው ያበቃል።

ለምን? ወሬው የሚመጣው ከፖሊስ ወይም ከጉምሩክ መግለጫ ስለሆነ ነው። መግለጫው የተቋሙን ሥራ ያሳያል፤ ኪሎውም የሚለካው የፍተሻውን ውጤት እንጂ የዝውውሩን መጠን አይደለም። ዘንድሮ ብዙ ተያዘ ሲባል ዝውውሩ ጨምሮ ይሁን ፍተሻው በርትቶ ከዜናው መለየት አይቻልም።

ቦሌስ ለምን? የኮካ ተክል በዋናነት የሚበቅለው በኮሎምቢያ፣ በፔሩና በቦሊቪያ ነው። ሦስቱም ከብራዚል ጋር ይዋሰናሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሳኦ ፓውሎ ይበራል። ከዚያ የመጣ መንገደኛ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ወደ እስያም ወደ ሌላው አፍሪካም ይሄዳል። ይህን መንገድ ሳይነግረን የሚያልፍ ዘገባ ግማሹን ታሪክ ትቶታል።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ቻይና ውስጥ በሻምፑ ጠርሙስ ከተደበቀ ኮኬይን ጋር ተያዘች። በቻይና ቅጣቱ እስከ ሞት ስለሚደርስ አገር ተጨነቀ። መገናኛ ብዙኃኑ ቤተሰቧን አነጋገሩ፤ ዕቃውን ማን በአደራ ሰጣት ብለው ጠየቁ፤ ጠበቃ ታገኝ ዘንድ ተከራከሩ። ደግ አደረጉ! ቦሌ ላይ የተያዘችውን የውጭ አገር ሴት ግን በዚያው ቀን «አዘዋዋሪ» እንላታለን። እሷንስ ማን ላካት? ምን ያህል ተከፈላት? አታልሎ የሸኛት ሰው የት ነው? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሁሉ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ይደነግጋል፤ ዜጋና የውጭ ሰው ብሎ አይለይም።

ተጠቃሚውማ በዜናው ውስጥ ከነጭራሹ የለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ዝውውሩንም መጠቀሙንም አንድ ላይ ያነሳል፤ ስለ ሱስ ሕክምና ግን ከእሽጎቹ ፎቶ ጎን አንድ መስመር አይጻፍም።

እናንት የዜና ክፍል ባልደረቦች፣ የያዛችሁትን ዜና ቀን መዝግቡትና ከስድስት ወር በኋላ ችሎት ሄዳችሁ ጠይቁ፦ ተፈረደባት ወይስ ተለቀቀች? ላኪውስ ተያዘ? መልሱን እንደ መጀመሪያው ዜና በትልቁ ጻፉልን።