አውራ ጣት ልከው ምን አሉ?

አለቃዎ በቴሌግራም የሥራ ግሩፕ ላይ «ሪፖርቱ እስከ ሐሙስ ይድረሰኝ» ብለው ጻፉ እንበል። እርስዎ የአውራ ጣት ምልክት ላኩ። «አይቻለሁ» ማለትዎ ነው ወይስ «እሺ፣ ሐሙስ አደርሳለሁ»? አለቃዎ ሁለተኛውን ነው የሚይዙት።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ካናዳ ውስጥ ግን ፍርድ ቤት አድርሷል። እ.ኤ.አ. በ2021 በሳስካችዋን ክፍለ ግዛት አንድ እህል ገዥ ድርጅት ተልባ ፈልጎ የውሉን ፎቶ ለገበሬ ላከ፤ «አረጋግጥልኝ» አለው። ገበሬው አውራ ጣት መለሰ። በውሉ 17 ዶላር የነበረው አንድ ቡሼል፣ ማለትም አንድ የእህል መስፈሪያ፣ ርክክቡ ሲደርስ 41 ዶላር ገባ። ተልባውም ሳይመጣ ቀረ።

ገበሬው «ውሉ ደርሶኛል ማለቴ ነው እንጂ ተስማምቻለሁ አላልኩም» ብሎ ተከራከረ። ዳኛው ግን የሁለቱን ወገኖች የቆየ ልማድ አዩ። ከዚያ በፊት ገበሬው «እሺ» በምትል አጭር መልስ ብቻ እየተዋዋለ እህሉን ያስረክብ ነበር። በ2023 ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ በ2024 ይግባኙም ውድቅ ሆነ።

«ይሄ የሰው አገር ጉዳይ ነው» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1681 ላይ ስምምነት በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በተለመደ ምልክት ሊገለጽ እንደሚችል ይናገራል። ቤትና መሬትን የመሰለው ጉዳይ በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም፤ ሌላው ብዙው ግን እንዲህ አይጠበቅም። ስለዚህ ገንዘብ፣ ቀን ወይም ዋጋ ያለበት መልእክት ሲደርስዎ በፊደል ይመልሱ። «ደርሶኛል፣ አይቼ እመልሳለሁ» ለመጻፍ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

እንደ አውራ ጣት ያለ ምልክት፣ ማለትም ኢሞጂ፣ ሲላክ ላኪና ተቀባይ የሚያዩት ሥዕል አንድ ነው? ሁልጊዜ አይደለም። ስልክዎ የሚልከው ሥዕሉን ሳይሆን የምልክቱን መለያ ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባል፣ ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጥ የጋራ መዝገብ አለ፤ የእኛ «ሀ ሁ»ም ኢሞጂዎቹም እዚያው ተመዝግበዋል። ቁጥሩ ሲደርስ የተቀባዩ ስልክ በራሱ አሳሳል ይስለዋል፤ ያረጀ ስልክ ከሆነ ባዶ ሳጥን ሊያሳይ ይችላል። ያ በሳቅ ዕንባ የሚያፈሰው ፊት ደግሞ በትንሽ ስክሪን ላይ፣ መነጽር ለረሳ ሰው፣ ለቅሶ ነው።

ወጪውስ? በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ከሆነ አይሰማዎትም። በተራ የስልክ መልእክት ግን ልዩነት አለው። በላቲን ፊደል ሲጽፉ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል። አንዲት ኢሞጂ ስትገባበት ግን ልኩ ወደ 70 ይወርዳል፤ አንድ የነበረው የ150 ፊደል መልእክት ሦስት ሆኖ ይቆጠራል። በአማርኛ ፊደል ለሚጽፍ ሰው ልኩ ከመጀመሪያውም 70 ስለሆነ ኢሞጂዋ የምትወስደው የሁለት ፊደል ቦታ ብቻ ነው።

የሐዘን ዜና ላይ አውራ ጣት አይጫኑ። የባልደረባ አባት ማረፉ በተነገረበት ግሩፕ ውስጥ ላይክ ተደርድሮ ማየት ያሳፍራል፤ ለላኪው «አይቻለሁ» ነው፣ ለሐዘንተኛው ግን «ደግ ሆነ» ይመስላል። «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ይጻፉ፤ ቅርብዎ ከሆነ ደግሞ ይደውሉ።

ለአለቃ ኢሞጂ መላክ ነውር ነው ወይ? እንደ ሰውየው ነው። እሳቸው እስኪጀምሩ ይጠብቁ፤ ከጀመሩ በኋላም የላኩልዎትን ዓይነት ይመልሱ እንጂ ልብ ያለበትን አይጨምሩ።