ከፒትስበርግ እስከ ዋሽንግተን በብስክሌት፦ ምን መያዝ፣ ምን መተው?

በዋሽንግተን ዲሲ የጆርጅታውን ሰፈርን አቋርጦ የሚያልፈው የቦይ ዳር መንገድ ለብዙ ነዋሪ የእሑድ ሽርሽር ቦታ ነው። ይኸው መንገድ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲከተሉት ግን 297 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ይደርሳል። እዚያም 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚረዝም፣ የቀድሞ የባቡር መስመር ከነበረ ጎዳና ጋር ተገናኝቶ እስከ ፒትስበርግ ይዘልቃል። ብስክሌተኞች ጉዞውን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ያጠናቅቃሉ።

ለዚህ ጉዞ የሚነሣን ሰው የሚፈትነው ዳገቱ አይደለም። የመንገዱ ከፍተኛ ሥፍራ 729 ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ከፍታ ሲሦ እንኳ አያህልም። ፈተናው ጓዙ ነው።

ሸክምን በጀርባ አዝሎ ቀኑን ሙሉ መንዳት ትከሻንና ወገብን ይጎዳል። ስለዚህ ዕቃው ከኋላ ጎማ ግራና ቀኝ በሚንጠለጠሉ ሁለት ቦርሳዎች እኩል ይከፈላል፤ ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሆናል። ሁሉም ከኋላ ከተጫነ ግን መሪው ይቀልና ብስክሌቱ ቁልቁለት ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ይህ ሰውን ሊጥል የሚችል አደጋ ነው። ድንኳንን ወይም ሌላ ቀለል ያለ ዕቃ ከመሪው ፊት ማሰር ሚዛኑን ይመልሳል።

ሁለተኛው ጠላት ዝናብ ነው። የቦዩ ዳር መንገድ አፈር ስለሆነ ከዝናብ በኋላ ይጨቀያል፣ የቀን ጉዞም ይጓተታል። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በጥቅምትና በሚያዝያ በራሰ የመኝታ ከረጢት ማደር ከምቾት ማጣት ያለፈ፣ ለብርድ አደጋ የሚያጋልጥ ነገር ነው። የመኝታ ከረጢቱና አንድ ደረቅ ቅያሪ ውሃ በማያስገባ ከረጢት መታሸግ አለባቸው። ወፍራም የቆሻሻ ፕላስቲክም ያገለግላል። ሌላው ልብስ ቢያንስ አይጎዳም፤ ሁለት የብስክሌት ቁምጣ እየታጠበ ይበቃል። ጂንስ ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም፤ ቤት ቢቀር ይሻላል።

ስልክ በማይሠራበት ጫካ ውስጥ ጎማ ሲተነፍስ ጠጋኙ ራሱ ባለቤቱ ነው። በጎማው ልክ የተገዙ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪዎች፣ መለጠፊያ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያ፣ የካቴና ማያያዣና ጥቂት ዘይት ከመሣሪያ ቁልፎች ጋር ሊለዩ አይገባም። የዕቃ መጫኛው ብሎኖች በንዝረት ስለሚላሉ በየማለዳው ይጠብቃሉ።

በቦዩ ዳር ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች የተዘጋጁት የድንኳን ማደሪያዎች ክፍያ የላቸውም፤ የእጅ ውሃ ፓምፕና መጸዳጃ አላቸው። ፓምፖቹ ግን በብርዱ ወራት ይዘጋሉ። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ስለማይቀመጥ ተጓዡ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል።

በምግብ ረገድ የአገር ቤት ስንቅ እዚህም ያዋጣል። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበጠበጥ ምድጃና ጋዝ ከመሸከም ያድናል፤ ዳቦ ቆሎም ቀናት ይቆያል፣ እየተነዳም ይበላል።

950 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የፖው ፖው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ በመሆኑ የእጅ ወይም የራስ መብራት ከላይ፣ በቀላሉ በሚደረስበት ኪስ ይቀመጣል። በሌላኛው ጎዳና ላይ ያለው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ደግሞ በክረምቱ ቅዝቃዜ ስለሚዘጋ፣ ቀኑን ከመቁረጥ በፊት መከፈቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።